ልጄና ባለቤቴ ውሃ ውስጥ፣ እኔ ወንበር ላይ

ጥያቄ፦ «የ37 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ዋና ጀምሯል። ገንዳው ሰፊ ቁምጣ አያስገባም፤ ገላ ላይ የሚጣበቅ የዋና ልብስ ግዴታ ነው። ዋና እችላለሁ፤ ያንን ልብስ ለብሶ ሰው ፊት መቆም ግን ሞት ሆኖብኛል። ቦርጭ አለኝ፣ ደረቴም ወፈር ያለ ነው፤ ከወገብ በታች ያለው ደግሞ ይገባችኋል። ሁለቴ ሞክሬ ፎጣ እንዳገለደምኩ ተመለስኩ። ጂም ውስጥም ታይት ላይ ሁለት ቁምጣ ነው የምደርበው። ባለቤቴ በፊት ታባብለኝ ነበር፤ አሁን ‹በኛ ታፍራለህ› ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ልጄ ለጓደኛው ‹አባዬ ዋና አይችልም› ሲል ሰማሁት። መጀመሪያ ክብደት ልቀንስ ወይስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሣ። ክብደት እስክትቀንስ አትጠብቅ። ለጤናህ ብለህ ብትቀንስ እሰየው፤ የዚህ ጉዳይ መድኃኒት ግን እሱ አይደለም። ሰውነታቸው እንደ ስፖርተኛ ተገንብቶ ሸሚዝ ማውለቅ የሚያስጨንቃቸው ወንዶች አሉ፤ ቦርጫቸውን አስቀድመው ገንዳ የሚገቡም አሉ። የሚለያቸው የሆዳቸው መጠን ሳይሆን አንደኛው ሲሸሸግ መክረሙ ነው። ችግርህን እየመገበ ያቆየው ያ ፎጣ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር ለይልኝ። የምትመኘው ዓይነት ገላ ቢኖርህ ኖሮ ያንን ልብስ ትለብሰው ነበር? መልስህ «ያኔም አልለብሰውም፣ ተገላልጦ መታየት አልወድም» ከሆነ ጉዳዩ የእምነት ወይም የጨዋነት ነው። ሕመም አይደለም፤ ማንም ሊያስጥልህ አይገባም። «አዎ፣ እለብሰው ነበር» ካልክ ግን ያስቀረህ እፍረት ነው። ከደብዳቤህ እንደሚታየኝ ያንተ ሁለተኛው ነው።

አሁን ፎጣው ምን እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። ከልብስ መቀየሪያው ስትወጣ ልብህ ይመታል፤ ፎጣውን ታገለድማለህ፤ ወዲያው ቀለል ይልሃል። አእምሮህ ከዚህ የሚማረው «ማንም አልሳቀብኝም» የሚለውን አይደለም፤ «የዳንኩት በፎጣው ነው» የሚለውን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ፎጣ መውጣት የባሰ ይከብድሃል። ደግሞም ሁሉም በዋና ልብስ በሚመላለስበት ቦታ ዓይን የሚስበው ፎጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ግድግዳ ታኮ የሚሄደው ሰው ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ትኩረትህ ወደ ራስህ መዞሩ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ማኅበራዊ ፍርሃት ባቀረቡት ማብራሪያ ይህ ትልቅ ቦታ አለው፦ የፈራ ሰው በሌሎች ዓይን ምን እንደሚመስል በልቡ ይሥላል፤ ሥዕሉን የሚሥለው ግን የሰዎቹን ፊት አይቶ ሳይሆን ከራሱ ስሜት ተነሥቶ ነው። ፊትህ ስለጋለ ብቻ ሁሉም ያፈጠጠብህ ይመስልሃል።

«ማንም አያይህም» የሚልህን አትመነው፤ የሚያይህ አለ። የምንሳሳተው ብዛቱን ስንገምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የሚያሳፍር የዘፋኝ ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሰው ሌሎች ወደተቀመጡበት ክፍል እንዲገቡ ተደረገ። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ ሰው ምስሉን ልብ እንዳለው ገመቱ፤ ልብ ያለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ቲሸርትና የዋና ልብስ አንድ ባይሆኑም ግምታችን ወደየት እንደሚያጋድል ያሳያል።

ዓይንህ ራሱ ያታልልሃል። አንተ ገላህን የምታየው ቁልቁል ነው፤ ከዚያ አቅጣጫ ሆድ ወደፊት ይገፋል፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ከልኩ አጥሮ ይታያል። ሌላው ሰው የሚያይህ ከፊት ለፊት፣ ያውም ከብዙ እርምጃ ርቀት ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ብልት መኮማተሩ የማንኛውም ወንድ ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። በተቃራኒው «ብልቴ በሰው ፊት ቢቆምስ?» ብለው በልባቸው የሚሰጉ ብዙ ናቸው፣ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በፍርሃት ጊዜ የሚለቀቀው አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን መቆሙን የሚያግዝ ሳይሆን የሚከላከል ነው። ድንገት ቢቆም እንኳ ውሃ ውስጥ ቆይተህ ፊትህን ወደ ጠርዙ አዙር፤ ብዙም ሳይቆይ ያልፋል።

ወደ ልብሱ እንምጣ፤ የእፍረቱ ግማሽ አንዳንዴ የመጥፎ ልብስ ጣጣ ነው። ወገብህን በሜትር ለካ፣ በሱሪህ ቁጥር አትመን። የሚያፍር ወንድ ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለውን ይገዛል፤ ውሃ ሲሞላው ይከብድና ይወርዳል፣ እሱም ወጥቶ ሲጎትት ይታያል። የጠበበው ደግሞ ወገብ ላይ እየቆረጠ ቦርጩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ልኩ ደረቅ ሳለ ጥብቅ ብሎ በወገቡ ሥር ሁለት ጣት የሚያስገባው ነው፤ ሲርስ ትንሽ ይለቃል። ከውስጥ በኩል የሚታሰር ክር፣ ከፊት ደግሞ ገበር ይኑረው። ቀለሙ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሁን፤ ነጭና ፈዛዛ ቀለም ሲርስ ያሳያል። ከመሄድህ በፊት ቤት ሻወር ውስጥ አርሰህ አንድ ጊዜ እየው። አሮጌ ካለህ መቀመጫውን ወጥረህ ወደ ብርሃን አንሣው፤ ክሎሪን ላስቲኩን ስለሚበላው ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ ጣለው። አዲሱን ከዋና በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀህ ጥላ ላይ አስጣው።

እስከ ጉልበት የሚደርሰውን ብትመርጥ መሸሸግ አይባልም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የገንዳ ዋና ውድድር የወንዶች ልብስ ከእምብርት በላይም ከጉልበት በታችም እንዳያልፍ ተደንግጓል፤ ስለዚህ ብዙ ተወዳዳሪዎች የሚለብሱት ይህንኑ ረጅሙን ነው። ገንዳው እንደሚፈቅደው ብቻ ጠይቅ። ለጂም ታይት ላይ አንድ ቁምጣ መደረብ የተለመደ ነው፤ ሁለተኛው ቁምጣ ግን የፎጣው ወንድም ነው።

ልምምዱ እንዲህ ይሂድ። የሚያስፈሩህን ነገሮች ጻፍና ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ነጥብ ስጥ፤ 30 አካባቢ ካለው ጀምር። ምናልባት የዋና ልብሱን ለብሶ ቤት ውስጥ ሃያ ደቂቃ መቆየት ይሆናል፤ ግን መስታወት ፊት ሳይሆን ዕቃ እያጠብክ። ከዚያ ባለቤትህና ልጅህ ባሉበት። ከዚያ ጂም ውስጥ አንዱን ቁምጣ መቀነስ። ከዚያ ሰው በሚቀንስበት ሰዓት ገንዳው። ፎጣውን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሰቅለህ ትወጣለህ፣ በተለመደው እርምጃህ ትሄዳለህ፣ በመሰላሉ ትገባለህ። ቀጥሎ ሰው በበዛበት ሰዓት። መጨረሻ ላይ የሚመጣውና ብዙዎችን የሚያስቸግረው ከውሃ ወጥቶ እጅን ዘና አድርጎ ከአሠልጣኙ ጋር ሁለት ደቂቃ ቆሞ ማውራት ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ተለማመድ፤ ረጅም ክፍተት ፍርሃቱን ይመልሰዋል።

በየደረጃው ከመጀመርህ በፊት የምትፈራውን በቁጥር ጻፍ፦ «ቢያንስ አምስት ሰው አይቶኝ ይስቃል»። ስትመለስ ስንት እንደሳቀ ከጎኑ ጻፍ። አእምሮ የሚለወጠው ፍርሃቱ ዜሮ ስለገባ አይደለም፤ የጠበቀው ነገር ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ልብህ እየመታም ቢሆን ልምምዱ ይሠራል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በጥቃቅን ማታለያዎች ነው። ሆድን ሳብ አድርጎ ትንፋሽ መያዝ፣ እጅን ደረት ላይ ማጣመር፣ ሮጦ መዝለል፣ ስልክ የሚያዩ መምሰል፣ ልጁን ከፊት አቁሞ መሄድ፤ እነዚህ ሁሉ የማይታዩ ፎጣዎች ናቸው። ሆድህን ስበህ ከተሳካልህ ምስጋናውን የሚወስደው የተሳበው ሆድ ነው። ዓይን ሲበዛብህ ትኩረትህን ወደ ውጭ አውጣ፦ የመስመር መለያዎቹን ቀለም እይ፣ የልጅህ እግር አመታት ትክክል መሆኑን ተከታተል። ጨንቆህ ከወጣህም ተቀምጠህ አትቅር፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ተመልሰህ ግባ።

ባለቤትህ «በኛ ታፍራለህ» ያለችው እውነቱን ስላልነገርካት ይመስለኛል። ዝምታህን በራሷ ተርጉማዋለች። ገንዳው ዳር ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ተረጋግታችሁ ሳላችሁ በአጭሩ ንገራት፦ «በናንተ አይደለም የማፍረው፣ በገላዬ ነው። እየተለማመድኩ ነው፣ እንድታግዢኝ እፈልጋለሁ።» እገዛው ማባበል አይደለም። «ቦርጬ ያስጠላል እንዴ?» ብለህ «ኧረ አያስጠላም» ስትልህ የሚገኘው እፎይታ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ እንደገና ትጠይቃለህ። ስትጠይቃት «ይህን አልመልስም፣ ና እንግባ» እንድትልህ ተስማሙ። ፎጣም አታቀብልህ። በገላህ የሚቀለድ ቀልድ ካለ ግን፣ በተለይ ልጁ ባለበት፣ እንድታቆም መጠየቅ መብትህ ነው።

ደረትህን በተመለከተ፣ ለስላሳ ስብ ከሆነ የሚያሳስብ አይደለም። ከጡት ጫፍ ሥር ጠጠር ያለ ነገር ካገኘህ፣ ካመመህ፣ በአንድ ወገን ብቻ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካለው ሐኪም ይየው፤ አንዳንድ መድኃኒቶችና የሆርሞን ለውጥ ያመጡታል። ስለ ገላህ ማሰብ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድብህ፣ መስታወት ፊት የሚያቆምህ፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ጡንቻ የሚያሳብጥ መድኃኒት የሚያስመኝህ ወይም ኑሮን የሚያስጠላህ ከሆነ ደግሞ በደብዳቤ የሚታከም አይደለም፤ ባለሙያ ዘንድ በአካል ቅረብ። ሕክምና አለው፤ ቀዶ ሕክምናው ግን እንዲህ ያለውን ሐሳብ ብዙ ጊዜ አያስለቅቅም።

ልጅህን «ዋና እችላለሁ፤ ሰው ሲያየኝ ስለማፍር ነው ያልገባሁት» በለው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ይህ አይጠፋውም። ገንዳ የምትገባበትን ቀን ግን አስቀድመህ ቃል አትግባለት። የመጀመሪያውን ሰው በሌለበት ሰዓት ብቻህን ሂድ፣ ሁለት ሦስቴ ከገባህ በኋላ ከእሱ ጋር ግባ።