ከፋሲካ በኋላ የሚወጣው ብጉር፤ ጥፋተኛው ሥጋው ነውን?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው በጣም ተራርቀው የሚኖሩ ቢሆኑም፣ የሚጠይቁት ስለ ሥጋና ስለ ቆዳ ነው። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ ለእነርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 24 ነው፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በዐቢይ ጾም ፊቴ ጠርቶ ይከርማል። ፋሲካ አልፎ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ግንባሬና ጉንጬ በብጉር ይሸፈናል። እናቴ «ሥጋው ደምሽን አቆሸሸው» ትለኛለች። ሥጋ መብላት ጨርሼ ማቆም ይኖርብኝ ይሆን?

መልስ፦ እናትዎ ያስተዋሉት ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ በምክንያቱ ላይ ግን ከእርሳቸው ጋር አልስማማም። ብጉር ከደም መቆሸሽ አይመጣም። ከፀጉር ሥር ያሉት ዕጢዎች ወዝ ሲያበዙ፣ የቀዳዳው አፍ በሞተ የቆዳ ሽፋን ሲደፈንና በውስጡ የሚኖረው ባክቴሪያ ሲራባ ቆዳው ይቆጣል፤ ብጉር የምንለው ይህንኑ ነው። የብጉር መነሻ የሆነችው በዓይን የማትታይ ድፍን ለመፈጠር ሳምንታት ስለሚፈጅባት፣ እሑድ የተበላ ክትፎ ረቡዕ ዕለት ብጉር ሆኖ ወጣ ማለት ያስቸግራል። ቀደም ብላ የነበረች ድፍን ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ልትቆጣና ልታብጥ ትችላለች፤ ስለዚህ በበዓሉ ሰሞን ምን እንደተለወጠ መመርመር ተገቢ ነው።

የተለወጠው ደግሞ ብዙ ነው። በ55ቱ የጾም ቀናት ከማዕድ የሚርቀው ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተቱ፣ አይቡ፣ ቅቤውና እንቁላሉም ጭምር ነው። ጾሙ ሲፈታ ሁሉም በአንድ ሌሊት ይመለሳሉ፤ በበዓለ ሃምሳም ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ለ50 ቀን ያህል ፋታ የላቸውም። በዚያ ላይ ድፎ ዳቦው፣ ኬኩ፣ ለስላሳ መጠጡ፣ ጠጁና ጠላው አለ። የእንቅልፍ ማጣቱንና የእንግዳ ማስተናገዱን ድካም ሳንቆጥር ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ሥጋውን ብቻ ለይቶ መክሰስ ተገቢ አይመስለኝም።

በምግብና በብጉር መካከል ስላለው ግንኙነት የተሻለ ማስረጃ የተገኘው የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ በሚያደርጉ ምግቦች ላይ ነው። ነጭ ዳቦ፣ ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ ኢንሱሊንን ያበዛሉ፤ የኢንሱሊን መብዛትም ወዝ አመንጪ ዕጢዎችን የሚያነቃቁ ሆርሞኖችን ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ብጉር ያለባቸውን ከ15 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 43 ወንዶች ለ12 ሳምንታት ተከታትሎ ነበር። ስብ ያልበዛበት ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣን ጨምሮ ፕሮቲን እንዲጨምሩ፣ ስኳር የሚያንሩ ምግቦችን ደግሞ እንዲቀንሱ የተደረጉት ወጣቶች ብጉራቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የብጉር ምንጭ ሥጋው ራሱ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። ስለ ወተትም፣ ብዙ ወተት በሚጠጡ ወጣቶች ላይ ብጉር በዛ ብሎ እንደሚታይ የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ፤ መንስኤው ወተቱ ራሱ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። ሥጋን ሙሉ በሙሉ ነጻ ለማውጣት አልቸኩልም፤ በሥጋም በወተትም የሚገኘው ሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ የወዝ ዕጢዎችን ሊያነቃቃ ይችላል የሚል መላ ምት አለ። ይህ ግን እስካሁን ከቤተ ሙከራው ብዙም አልራቀም።

በደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘው ቃል «ግንባሬ» የሚለው ነው። ለበዓሉ ሹሩባ ተሠርተው ፀጉርዎን ቅቤ ተቀብተው ነበርን? የፀጉር ቅባት ሙቀት ሲነካው ወደ ግንባርና ወደ ጆሮ ግንድ እየወረደ ቀዳዳዎችን ሲደፍን የሚወጣ ብጉር አለ፤ ለዚያውም ትንንሽና ተቀራራቢ ሆኖ የፀጉሩን ዳር ተከትሎ ይሰለፋል። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ከሚበሉት ቅቤ ይልቅ በሚቀቡት ላይ ሊሆን ይችላል።

ሥጋ ጨርሰው እንዲተዉ አልመክርዎትም። በየወሩ ደም የሚፈስዎ ወጣት ሴት ነዎት፤ ከዐቢይ ጾም ሌላ ሌሎቹን አጽዋማትና ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ከዓመቱ ከግማሽ የማያንሰው ከሥጋ ውጭ ያልፋል። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት በምስርና በሽሮ ውስጥ ካለው ይልቅ በቀላሉ ወደ ሰውነት ይገባል። ብረት ሲጎድል ፀጉር ይረግፋል፣ ጥፍር ይሰባበራል፣ ቆዳም ይገረጣል። ዚንክ ሲያንስ ቁስል ቶሎ አይድንም፤ ቫይታሚን ቢ 12 ሲጎድል ደግሞ የጣት መጋጠሚያዎች ሊጠቁሩ ይችላሉ። ስለዚህ ሥጋውን በመጠኑ እየበሉ ለስላሳ መጠጡን፣ ጣፋጩንና ነጭ ዳቦውን ለሦስት ወር ያህል ቀንሰው ይመልከቱ፤ ቅቤውንም ከግንባርዎ ያርቁ። ለውጥ ከሌለ ወይም ብጉሩ ጠባሳ የሚተው ከሆነ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤትና ከሱቅ የሚገዙት ስቴሮይድ ያለባቸው የፊት ቅባቶች ግን ለጊዜው አጥርተው ኋላ ያብሳሉና ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ችፌ ያስቸግረኛል። ከሁለት ወር በፊት ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ብቻ መብላት ጀመርኩ፤ «ኃይል ይሰጣል» ተብዬ ጉበትም በየቀኑ እበላለሁ። ችፌው ቀለል ብሎልኛል። ነገር ግን ደረቴና ጀርባዬ ላይ መረብ የሚመስል ቀይ ሽፍታ ወጥቶ ክፉኛ ያሳክከኛል። ሰውነቴ «መርዙን እያስወጣ ነው» የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ሽፍታውን ሳላይ ስሙን ለመጥራት አልደፍርም፤ የገለጹበት መንገድ ግን ፕሩሪጎ ፒግመንቶሳ የሚባለውን ሕመም ያስታውሰኛል። ይህን ሕመም መጀመሪያ የገለጸው ናጋሺማ የተባለ ጃፓናዊ የቆዳ ሐኪም ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1971 ነበር። ሰውነት ስኳርና እህል ሲያጣ ስብን ማቃጠል ይጀምርና ኬቶን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያበዛል፤ ሽፍታው በዚህ ሁኔታ ላይ ባሉ አንዳንድ ሰዎች ላይ በደረት፣ በጀርባና በአንገት ላይ ይወጣል። መርዝ የመውጣት ምልክት አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥቂት እህልና ፍራፍሬ ወደ ማዕድ ሲመለስ ይለቃል፤ ካልሆነም ሐኪሞች ዶክሲሳይክሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች ያዝዛሉ። ሲቆይ መረብ የመሰለ ጥቁረት ትቶ ያልፋል፤ እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ይህ ጥቁረት ቶሎ ስለማይጠፋ ቀጠሮዎን አያዘግዩ።

ችፌው መቅለሉ ደስ ያሰኛል። ችፌ በባሕርይው የሚመጣና የሚሄድ ሕመም መሆኑን ግን ያስታውሱ፤ ምናልባትም ከተዉዋቸው ብዙ ምግቦች አንዱ ይቀሰቅስብዎ ኖሮ ይሆናል። ያንን አንዱን ከሐኪም ጋር ሆኖ በየተራ መለየት ሲቻል ሌላውን ሁሉ መተው ለምን ያስፈልጋል?

ይበልጥ ያሳሰበኝ ጉበቱ ነው። 100 ግራም ጥሬ የበሬ ጉበት ወደ 5000 ማይክሮ ግራም የሚጠጋ ቫይታሚን ኤ ይይዛል፤ ለአዋቂ ሰው በቀን ከፍተኛው ወሰን ደግሞ 3000 ነው። ቫይታሚን ኤ በጉበታችን እየተከማቸ ሲሄድ ከንፈር ይሰነጣጠቃል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ ይላላጣል፣ ፀጉርም ይረግፋል። ዳግላስ ማውሰንና ዛቪየር ሜርትዝ የተባሉት የአንታርክቲካ ተጓዦች አብዛኛው ስንቃቸው ቢጠፋባቸው የበረዶ ሸርተቴ የሚጎትቱላቸውን ውሾች ከነጉበታቸው በሉ፤ ሜርትዝ እ.ኤ.አ. በጥር 1913 ሞተ፤ የማውሰን የእግሩ ጫማ ቆዳ ደግሞ እንዳለ ተገሸለጠ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የጉበቱን ቫይታሚን ኤ ይጠረጥራሉ። የእርስዎ ጉበት የበሬ ነው፤ ቢሆንም «በየቀኑ» የሚለውን ቃል «በሳምንት አንዴ» በሚለው ቢለውጡት እወዳለሁ።

ሌላው የምግብዎ ስጋት የቫይታሚን ሲ ማነስ ነው። ቫይታሚን ሲ ከሌለ ሰውነት ቆዳንና ድድን አጽንቶ የሚይዘውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ጠንካራ አድርጎ መሥራት አይችልም፤ ድድ ይደማል፣ በእግር ፀጉሮች ሥር ነጠብጣብ ደም ይታያል፤ ሕመሙም ስከርቪ ይባላል። የሥጋ ብቻ ወዳጆች እ.ኤ.አ. በ1928 በኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል ክትትል ሥር ዓመት ሙሉ ሥጋ ብቻ የበላውን የአርክቲክ ተጓዥ ቪልያልመር ስቴፋንሰንን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ በዚህ ሕመም አልተያዘም። እርሱ ግን አንጎልንና ጉበትን ጨምሮ ብዙ ዓይነት የእንስሳ ክፍል ይበላ ነበር፤ በሥጋ ውስጥ ያለችው ጥቂት ቫይታሚን ሲም በደንብ ሲጠበስ ትጠፋለች። «እንግዲያው ቁርጥ ልብላ» እንዳይሉኝ፤ በቁርጡ ውስጥ የኮሶ ትል ሊኖር ይችላል።

ደም ምርመራም ያድርጉ። በፍሎሪዳ የሚኖር አንድ በ40ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ሰው ለስምንት ወር ያህል ሥጋ፣ አይብና ቅቤ በገፍ ሲበላ ከቆየ በኋላ በመዳፉ፣ በክርኑና በእግሩ ጫማ ላይ ቢጫ እብጠቶች ወጡበት፤ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2025 በአንድ የአሜሪካ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። ከ200 በታች እንዲሆን የሚፈለገው ኮሌስትሮል በእርሱ ደም ውስጥ ከ1000 በላይ ነበር፤ ቢጫውም ከደሙ አልፎ በቆዳው ውስጥ የተጠራቀመው ስብ ነው። በሁሉም ሰው ላይ አይደርስም፤ ማን ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚነግርዎ ግን ምርመራው ብቻ ነው።

ቨርጂኒያ ስለሚኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ አካባቢ የሚገኘው ሎን ስታር የተባለው መዥገር ሲነክስ አንዳንድ ሰዎችን የቀይ ሥጋ አለርጂ ያስይዛቸዋል። ምልክቱ ከሌላው የምግብ አለርጂ ዘግይቶ፣ ከበሉ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ማንም ሥጋውን አይጠረጥርም፤ ማታ ጥብስ የበላ ሰው ሌሊት ሳማ እንደለበለበው ሆኖ ይነቃል። የእርስዎ ሽፍታ በየጊዜው የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ይህንንም ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሽፍታው ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከፊት እብጠት ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የ56 ዓመት እናት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ልጄ የፊት መጨማደድ ያጠፋል ብላ ከውጭ የኮላጅን ዱቄት ላከችልኝ። ጎረቤቴ ደግሞ የበሬ እግር አፍልቼ መረቁን ብጠጣ ይበቃል ትላለች። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱም ከጨጓራ በታች ያው ናቸው። ኮላጅን በመረቅ ተጠጣ በዱቄት፣ ሲፈጭ ወደ አሚኖ አሲዶችና ወደ ጥቃቅን ቁርጥራጮች ይለወጣል፤ ሰውነት እነዚህን ወደፈለገበት ይወስዳቸዋል እንጂ በቀጥታ ወደ ፊት አይልካቸውም። ዱቄቱ የቆዳን ርጥበትና መለጠጥ በመጠኑ ያሻሽላል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ በአምራቾቹ ገንዘብ የተሠሩ በመሆናቸው ግን በጥርጣሬ አነባቸዋለሁ። ፊትን ከሁሉ ይበልጥ የሚያጨማድደው ፀሐይና ሲጋራ ነውና ጥላና ባርኔጣ ከሁለቱም ርካሽ ናቸው። መረቁ ደስ ካሰኘዎት ይጠጡት፤ ደም ግፊት ካለብዎት ጨው ይቀንሱለት። ዱቄቱን ከመክፈትዎ በፊት ደግሞ በማሸጊያው ላይ ከምን እንደተሠራ ልጅዎ ያንብቡልዎ፤ የዚህ ዱቄት ምንጭ የከብት ወይም የዓሣ ቆዳ ሊሆን ይችላል፤ የአሳማም ሊሆን ይችላል።