መልስ፦ እየጸለይኩም መተው አቃተኝ

«ባለትዳር ነኝ፤ እየጸለይኩም ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ማታ ማታ መጻጻፉን መተው አቃተኝ» ላልከው፦ መንገዱን ቀይር። መጽሐፈ ምሳሌ 5፥8 ስለ አመንዝራ ሴት «መንገድህን ከእርስዋ አርቅ» ነው የሚለው፤ ቆመህ ታገል አይልም።

ምሳሌ 7 ላይ እንዲህ ያለች ሴት ያሳተችው ወጣት፣ ነገሩ የተጀመረው ቤቷ ሲገባ አይደለም። ሲመሽ በእሷ ማዕዘን በኩል ሲያልፍ ነው። ያንተ ማዕዘን ቴሌግራም ነው።

ዛሬውኑ ቻቱን አጥፋው። የሥራ ጉዳይ ካለ በሥራ ሰዓት፣ ሁሉም በሚያየው ግሩፕ ላይ ይሁን። ማታ ስልክህን ሳሎን ቻርጅ ላይ ሰክተህ ወደ መኝታህ ግባ። ከዚያ ለንስሐ አባትህ ወይም ለምታምነው ሽማግሌ ንገር፤ ይሄኛው ይከብዳል፣ ግን ተደብቆ የቆየ ነገር ነው የሚያድገው።

ዮሴፍ (ዘፍጥረት 39) የጌታው ሚስት አብረኸኝ ተኛ ብላ ስትይዘው ልብሱን እጇ ላይ ጥሎ ነው የሮጠው። ያው ልብስ ማስረጃ ሆኖበት ታሰረ። ቢሆንም ልብሴን ልውሰድ ብሎ አልተመለሰም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ «በክብር ልሰናበታት» ብለህ ቡና እንዳትጋብዛት። እኔ ጋብዤ አይቼዋለሁ። ለአሥር ደቂቃ ያልኩት ማኪያቶ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ማታ ደግሞ «ደህና ገባህ?» የሚል መልእክት መጣ። ሦስት ወር ወደኋላ መለሰኝ።