ያ ቢጫ አበባ አደይ አይደለም፣ ጓሮሽ እንዳታስገቢው

እህቴ፣ «ሜሪላንድ ውስጥ ወንዝ ዳር ያለውን ጫካ ቢጫ ምንጣፍ ያስመሰለው አበባ ምንድን ነው? አደይ ይመስላል፣ ነቅዬ ጓሮዬ ልትከለው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በፍጹም! እኔም አደይን አስታውሶኝ ነው ያመጣሁት። አራት ዓመት ለፋሁበት።

ስሙ ሌሰር ሴለንዳይን ነው። ፊግ በተርካፕም ይሉታል። ከአውሮፓ በኩል የመጣ ወራሪ ተክል ነው። የእኛ አደይ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም፣ ፀሐይ በሚያገኘው ሜዳ ላይ ይፈካል። ይሄኛው ማርች ላይ፣ ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ፣ ወንዙ ሲሞላ ውሃ በሚተኛበት እርጥብ ጫካ ውስጥ ነው የሚነጠፈው።

1. ቅጠሉን እዪ። የልብ ቅርጽ አለው፤ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል። አበባውን ገልብጪው። ከጀርባው ሦስት ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ካሉት እሱ ነው። እሱን የሚመስለው ማርሽ ማሪጎልድ የሚባለው የአገሩ ተክል እነዚህ የሉትም፤ እንዲህ ምንጣፍ ሆኖም አይነጠፍም።

2. ሥሩን እዪ። እንደ ትንንሽ ጣት ያበጡ ነገሮች አሉት። እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ የተክል ሱቅ ሄጄ ፎቶ አሳየሁ። ሻጩ ቀና ብሎ እንኳን በደንብ ሳያይ «ማርሽ ማሪጎልድ ነው፣ ጥሩ ነው» አለኝ። አመንኩት። ከፓርክ ተክል መንቀል ክልክል መሆኑን እንኳን የሚነግረኝ አልነበረም። አንድ እፍኝ ከነሥሩ ነቅዬ አጥሩ ሥር ተከልኩ። ጁን ላይ ድራሹ ጠፋ። ሞተ ብዬ አዘንኩ። ለካ ከመሬት በታች ተኝቷል። በሁለተኛው ዓመት አጥሩን ሙሉ ያዘው።

ካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር) ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት «የግል ጓሮ አይመለከተንም» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ከዚያ ጓሮ የሚሠራ ሰው ቀጠርኩ። በማሽን አፈሩን ገለበጠልኝ። 400 ዶላር! ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ሥሩ ላይ ካሉት ካበጡት ጣቶች እያንዳንዷ ራሷን ችላ ትበቅላለች። ማሽኑ በታትኖ ዘራልኝ። በቀጣዩ ማርች ሣሩ ውስጥ ሁሉ ገባ።

ያሸነፍኩት በእጄ ነው። አፈሩ እርጥብ እያለ፣ ጓንት አድርጌ (ፈሳሹ ቆዳ ያስቆጣል)፣ በትንሽ አካፋ ከነአፈሩ አነሳዋለሁ። ከዚያ እናቴ ምስር ስትለቅም እንደማያት አፈሩን በጣቴ እየበተንኩ እለቅማለሁ። አበባው ሲያልፍ ቅጠሉ ሥር የስንዴ ፍሬ የሚያክሉ ቡቃያዎች ይወጣሉ። እነሱ ከረገፉ እንደገና ከዜሮ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ጀምሪ። የነቀልሽውን ከቅጠል ቆሻሻ ጋር አትቀላቅይው። ፕላስቲክ ውስጥ አስረሽ ከቤት ቆሻሻ ጋር ጣይው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከጫካው የሚያጠፋው ነገር ነው። ስፕሪንግ ቢዩቲ የምትባለውን የአገሩን የጫካ አበባ አይተሻት ታውቂያለሽ? አምስት ነጫጭ የአበባ ቅጠሎች፣ በላያቸው በእስክሪብቶ የተሰመረ የሚመስል ሮዝ መስመር፣ ግንዷ ላይ እንደ ሣር የቀጠኑ ሁለት ቅጠሎች። እሷም ዛፉ ቅጠል ሳይለብስ ያለችውን ፀሐይ ነው የምትጠብቀው፤ ቢጫው ቀድሞ ይሸፍናታል። የእሷን አበባ ዱቄት ብቻ ለልጆቿ የምትሰበስብ ትንሽ የዱር ንብ አለች። ካጸዳሁት ቦታ ላይ የአገሩን ተክል ከሚሸጡ ገዝቼ ተከልኳት። ዘንድሮ አበበች፤ ንቧም መጣች፣ ባይኔ አየኋት።

ነገ ስትሄጂ አበባውን ገልብጠሽ ከጀርባው ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። አይቼ እነግርሻለሁ።