ከባድ የወር አበባና የደም አለመርጋት ችግር፤ ጥያቄና መልስ

ጠያቂዎቹ የጎንደር ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ መልስ የሚሰጡት በደም ምርመራ ላቦራቶሪ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ የ14 ዓመት ልጄ የወር አበባዋ 9 ቀን ይቆያል፤ ሌሊት ፍራሹን ሳይቀር ያርሰዋል። የደም መርጋት ምርመራ ተሠርቶላት ደህና ናት ተብለናል። ከዚህ በኋላ ልንረጋጋ እንችላለን?

መልስ፦ አይረጋጉ። በብዛት የሚታዘዙት ፒቲና ኤፒቲቲ የተባሉት የደም መርጋት ምርመራዎች የሚለኩት ደምን የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ሰንሰለት ነው፤ ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደምን ለማቆም የሚረዱ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት፣ በተጎዳው የደም ሥር ግድግዳ ላይ በደንብ መጣበቃቸውን ግን አያሳዩም። ቮን ዊልብራንድ የተባለው ፕሮቲን ዋና ሥራው ይህንኑ ማጣበቅ ስለሆነ፣ እርሱ አንሶም ሁለቱ ውጤቶች ደህና ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። የፕሮቲኑን መጠንና ሥራ የሚለካውን ምርመራ በስሙ ይጠይቁ። ፕሮቲኑ በጭንቀት፣ በሕመምና በእርግዝና ጊዜ ከፍ ስለሚል አንድ ጊዜ ደህና መውጣቱም አይበቃም። በዚህ ዕድሜ ሆርሞን ገና ባለመስተካከሉ ደም መብዛቱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሳይመረመሩ «ሲያድጉ ይተዋቸዋል» ማለትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ፊንላንዳዊው ሐኪም ኤሪክ ቮን ዊልብራንድ እ.ኤ.አ. በ1926 ይህ ፕሮቲን ሲጎድል ስለሚመጣው ሕመም ሲጽፍ መነሻ የሆነችው የኦላንድ ደሴቶች ልጅ የሞተችው በአራተኛው የወር አበባዋ ደም ፈስሷት ነው። ለቁርጠቷ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይስጧት።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ደም ይበዛብኛል፤ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ በዚህ ብቻ መልስ መስጠት አልችልም። ስንት ቀን ይቆያል? ሞዴስ በየስንት ሰዓቱ ትቀይሪያለሽ? ጥርስ ስትነቀይ ወይም ስትወልጂ ደሙ አልቆም ብሎሽ ያውቃል? ነስርስ አለብሽ?

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት ታዞልኛል። ወሩን ሙሉ ልውሰደው?

መልስ፦ ደም በሚፈስስባቸው ቀናት ብቻ ነው። ከዚህ በፊት በእግርሽ ወይም በሳንባሽ ደም ረግቶ ከነበረ፣ ወይም ኩላሊትሽን የሚያምሽ ከሆነ፣ ሳትጀምሪው ለሐኪምሽ ንገሪ።

አስተያየት (ከአራዳ)፦ ሄሞፊሊያ የተባለው በዘር የሚተላለፍ የደም አለመርጋት ሕመም የወንዶች በሽታ ስለሆነ ሴቶችን ባናስጨንቅ መልካም ነው። ጤፍ የሚበላ ሰውም ብረት አያንሰውም።

አስተያየት (ከአዘዞ)፦ ወንድሜ፣ ጤፍ በየቀኑ እየበላሁ ሁለት ጊዜ ደም ተሰጥቶኛል።

አስተያየት (ከአራዳ)፦ ያ ከወባ ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ። የሄሞፊሊያ ተሸካሚ የሆነች ሴት ራሷ ፋክተር 8 ወይም 9 የተባለው ደምን የሚያረጋ ፕሮቲን ሊያንሳት ስለሚችል ልትለካ ይገባል። በየወሩ ብዙ ደም የሚፈስሳት ሴት ያጣችውን ብረት በእንጀራ ብቻ አትተካውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከመውረዱ በፊት የሚያልቀው የተጠራቀመው ብረት ስለሆነ ይህንኑ የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ ይታይ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በቆላ ደህና የሚባለው ሄሞግሎቢን እዚህ ማነስ ሊሆን ይችላል። የብረት እንክብልም ከቡና ጋር አይወሰድ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ቁርጠት ሲብስብኝ የዲክሎፌናክ መርፌ እወጋለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ፤ እደግመዋለሁ። ደም በሚገባ ለማይረጋላት ሴት አስፕሪንም፣ ዲክሎፌናክም፣ አይቡፕሮፌንም አይሆንም። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ደግሞ ጡንቻው ውስጥ ደም ሊያጠራቅም ይችላል። ምርመራሽ እስኪያልቅ አቁሚው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ 8 ቀን ይቆያል፤ ሞዴስ በየሰዓቱ እቀይራለሁ። ጥርሴን ስነቀል እስከ ማግስቱ ደማ። እናቴም እንዲሁ ነበረች።

መልስ፦ አሁን ነገርሽ ግልጽ ሆነልኝ፤ የእናትሽ ነገር በተለይ ያሳስበኛል። ይህን የጻፍሽውን ሳትቀንሺ ለሐኪም አሳዪ፤ ሙሉ የደም ምርመራ፣ ፌሪቲንና የቮን ዊልብራንድ ምርመራ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ። በየሰዓቱ መቀየሩ ካላቆመ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።