ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት አርማታውን አስሉ

በውጭ አገር እየኖራችሁ አገር ቤት ቤት የምታሠሩ ወገኖቼ፣ ለዓመታት የታዘብኩትን ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ፦ አብዛኞቻችሁ ሌሊት ሠርታችሁ ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ የምትልኩት ቤታችሁ ስንት ሜትር ኪዩብ አርማታ እንደሚጠይቅ ሳታውቁ ነው።

1. ውክልናችሁን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አስጨርሱ፤ የጸደቀው የስትራክቸር ፕላን (የቤቱን ተሸካሚ ክፍሎች መጠን የሚያሳየው ንድፍ) ቅጂም በእጃችሁ ይኑር።

2. ስሌቱ ርዝመትን በወርድ፣ ከዚያም በውፍረት ማባዛት ነው። 12 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ሶሌታ (የፎቅ ወለል ወይም የጣሪያ አርማታ) 18 ሜትር ኪዩብ አርማታ ይወስዳል። በአገራችን የሥራ ዝርዝሮች ለሲ-25 አርማታ (ሲ እና ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃውን ያሳያሉ) በአንድ ሜትር ኪዩብ ቢያንስ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ስለሚጠየቅ፣ ይህ ሶሌታ 64.8 ኩንታል ይፈልጋል፤ ለብክነት 5 በመቶ ሲታከልበት 68 ኩንታል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎው 136 ከረጢት ይሆናል። ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፈው ሲ-5 ግን በሜትር ኪዩብ 150 ኪሎ ብቻ ስለሚበቃው፣ ሁሉንም በ360 የሚያባዛላችሁን ሰው አስቁሙት። ሶሌታው በብሎኬት የሚሞላ ከሆነም የብሎኬቱ ቦታ ከአርማታው መጠን መቀነስ አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ድርብ ቆጠራ ነው። ወርዱ 20፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቢም (ሶሌታውን የሚሸከም አግዳሚ አርማታ) ከላይ ያለው 15 ሴንቲ ሜትር በሶሌታው ውስጥ አስቀድሞ ስለተቆጠረ፣ ለብቻው የሚሰላው የቀረው 25 ሴንቲ ሜትር ነው። የቢሞቹ ጠቅላላ ርዝመት 48 ሜትር ቢሆን፣ ይህን አለመቀነስ ብቻውን 1.44 ሜትር ኪዩብ፣ በሲሚንቶ ከ5 ኩንታል በላይ ትርፍ ያስጠይቃችኋል።

3. እኔን ዘወትር የሚቆጨኝ ግን ከባከነው ሲሚንቶ ይልቅ በስሌት ማጣት የተቆራረጠው ዝምድና ነው። ታናሽ ወንድም ለሶሌታው 100 ኩንታል ያስፈልጋል ብሎ ሲደውል፣ ታላቁ የሚያመሳክርበት ቁጥር ስለሌለው ወይ ዝም ብሎ ይልካል፣ ወይ ሌባ ብሎ ይሰድባል፤ ወንድሙ ግን የቢሙን፣ የኮለኑን (የምሰሶውን) እና የግንብ ሥራውን ሲሚንቶ አንድ ላይ ደምሮ ሊሆን ይችላል። ሰውን ከመጠርጠራችሁ በፊት የትኛው ክፍል ስንት ሜትር ኪዩብ እንደሆነ በዝርዝር ጠይቁ። በሌላ በኩል፣ ቁጥብ ነን ብላችሁ ገንዘቡን ቆርጣችሁ የምትልኩ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጥፋት ታደርሳላችሁ፤ ምክንያቱም ሲሚንቶ በመካከል ሲያልቅ ፎርማኑ ወይ ድብልቁን ያሳሳዋል፣ ወይ የተጀመረውን ሶሌታ አቋርጦ በማግስቱ ይቀጥላል፣ የደረቀው እና አዲሱ አርማታ በሚገናኙበት መስመርም ውኃ የሚያስገባ ደካማ መጋጠሚያ ይቀራል። ይህን ስንጥቅ ከዓመታት በኋላ በልስን ልትሸፍኑት ትችላላችሁ እንጂ ልታድኑት አትችሉም፤ የሚያድሩበትም እናታችሁ እና አባታችሁ ናቸው!

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሙሌት የሚከፈለውን ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት፣ ከኮንትራክተሩ ጋር ጥቅም የማይጋራ መሐንዲስ ከፕላኑ ላይ ልኬቱን አውጥቶ እንዲፈርምበት አድርጉ። ካሳፎርማው (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) ተሠርቶ ሲያልቅ ርዝመቱ፣ ወርዱ እና ጥልቀቱ በሜትር እየተለካ ፎቶ ይነሳ፤ በሙሌቱ ቀን የተከፈቱት ከረጢቶች ተቆጥረው ይመዝገቡ፤ ቁጥሩም ከመሐንዲሱ ስሌት ጋር ሳይመሳከር ለቀጣዩ ሥራ ገንዘብ አትላኩ።