ገዳም ሳይገቡ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ልጅ መሆን

ሰላምና በጎ ነገር ሁሉ ለእርስዎ ይሁን፣ እኅቴ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት እንደ ሆኑ፣ በባንክ እንደሚሠሩ፣ ከሀብት ይልቅ ድኅነትን የመረጠው የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሕይወት ግን ከልጅነትዎ ጀምሮ ልብዎን እንደሚስበው ጽፈው፣ «ገዳም ሳልገባ የእርሱ ልጅ ልሆን እችላለሁን? የዕለት ኑሮዬስ ምን ይለወጣል?» ብለው ጠይቀዋል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ አዎን፣ ይችላሉ። ሁለተኛውን ግን በመርካቶ ጨርቅ እየሸጥሁ በዚህ ጥሪ በኖርሁባቸው 14 ዓመታት ካየሁት ተነሥቼ ልመልስልዎ።

በዓለም ለምንኖር ምእመናን የተሰጠው ይህ የዓለማውያን ፍራንቸስካውያን ማኅበር ቀድሞ ሦስተኛው ማኅበር ይባል ነበር፤ የመጀመሪያው የመነኮሳት ወንድሞች፣ ሁለተኛው የቅድስት ክላራ ደናግል ነውና። ቅዱሱ ገና በሕይወተ ሥጋ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1221፣ የመጀመሪያው የአኗኗር ደንብ ተጻፈ፤ ዛሬ የምንመራበትን ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1978 አጽድቀውታል። ደንቡ ከወንጌል ወደ ሕይወት፣ ከሕይወትም ወደ ወንጌል እንድንመላለስ ያዘናል። ስገባ ይህን ቃል ጸሎት ይበዛልሃል ማለት አድርጌ ተረድቼው ነበር። ጸሎቱም በዝቷል፤ አስቀድሞ የተለወጠው ግን የሱቄ ሜትር ነው።

በምሥረታ፣ ማለትም ወደ ማኅበሩ ለመግባት በሚያዘጋጀው ትምህርት ላይ ሳለን አንድ እሑድ ከሉቃስ ወንጌል «በምትሰፍሩበት መስፈሪያ ይሰፈርላችኋል» የሚለው ቃል ተነበበ፤ መምህራችንም ቃሉ በሥራችን ላይ ምን እንደሚል እያንዳንዳችንን ጠየቁን። ተራው ሲደርሰኝ ዝም አልሁ። በእኛ ሥራ ሳሳ ያለ ጨርቅ ሲለካ ወጠር ይደረጋል፤ ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ ሲለቀቅ ይሰበሰባል፣ አምስት ሜትር የገዛ ሰውም ጉድለቱን የሚያውቀው ልብስ ሰፊው ዘንድ ሲደርስ ነው። ይህን ከእኔ በፊት ከነበሩት የተማርሁት ስለሆነ እንደ ሙያ እንጂ እንደ ስርቆት ቆጥሬው አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ጨርቁን በባንኮኒው ላይ ዘርግቼ፣ እጄን አንሥቼ፣ እስኪረጋ ጠብቄ ለካሁ። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ደንግጦ አየኝ። ያ ጉድለት ይሸፍነው የነበረውን ትርፍ በግልጽ በሜትሩ ዋጋ ላይ መጨመር ነበረብኝ፤ በዚህም የተነሣ ጎረቤት ሱቅ ገብተው የቀሩ ደንበኞች አሉ፣ እስከ ዛሬም ያልተመለሱ አሉ። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ራሱ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ መሆኑን ያወቅሁት በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ቀን በአባቱ ሱቅ በገበያ ተጠምዶ ሳለ ስለ እግዚአብሔር ብሎ የለመነውን ድኻ መለሰው፣ ወዲያውም አድራጎቱ እጅግ አሳዘነው። ስለዚህ ባንኮኒዬ ከእርሱ የራቀ ቦታ አይመስለኝም። የእርስዎንም የባንክ መስኮት እንዲሁ ቢያዩት እመኛለሁ፤ መፈረም የማይችሉ እናት በጣታቸው እያተሙ ሰልፉ ሲያጉረመርም፣ እርስዎ የሚጠብቁበት ፊት የጥሪዎ አንድ ክፍል ነው።

ከሥራው ይልቅ የከበደኝ ወንድማማችነቱ ነው። ወንድሞቻችንን እኛ አንመርጣቸውም። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሳለሁ አንድ ወንድም ሒሳቡን በሰው ፊት ቢጠይቀኝ ተቀየምሁት፤ ቁርባን ከምንቀበልበት መቅደስ አብረን እየወጣን ሁለት ዓመት ያህል ከእግዚአብሔር ሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። እናቴ ያረፈች ጊዜ ድንኳኑን ከተከሉት፣ አግዳሚውን ከተሸከሙት አንዱ እርሱ ነበር፤ ሦስቱንም ቀን ከሐዘንተኛው ጋር አደረ። በአራተኛው ቀን ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የጠየቀኝም ሒሳብ ትክክል እንደ ነበረ ነገርሁት።

ስለ ቤትዎ ደግሞ የእኔን ስሕተት እንዳይደግሙ እለምንዎታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅዳሜም እሑድም ከአገልግሎት ወደ አገልግሎት ስዞር ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ብቻዋን ትውል ነበር፤ አንድ ማታ «ለማኅበርህ ካለህ ትዕግሥት ግማሹን ለልጅህ ስጠው» አለችኝ። የንስሐ አባቴም ደንቡ ቤተሰብን የሰላምና የታማኝነት ቦታ እንደሚያደርገው አስታውሰው፣ ከአገልግሎቶቼ ሁለቱን አስተዉኝ። በትውፊት ከመጀመሪያዎቹ አባላት የሚቆጠሩት በኢጣልያ የፖጂቦንሲው ነጋዴ ሉኬዚዮና ሚስቱ ቦናዶና ባልና ሚስት መሆናቸው በከንቱ አይደለም። ዛሬ ማታ ማታ አንድ መዝሙረ ዳዊትና አባታችን ሆይን ከልጆቹ ጋር እንጸልያለን፣ ሲተኙም ለብቻዬ ውሎዬን እመረምራለሁ። ባለቤትዎ ኦርቶዶክስ እንደሆኑ ጽፈዋልና፣ አንድም እርምጃ ሳይጀምሩ ሐሳብዎን ከእርስዎ አፍ ይስሙ። እኛ ካቶሊካውያን በግእዝ ሥርዓት የምንጾመውን ዐቢይ ጾም እርሳቸውም ይጾማሉ፤ ከዚያ መጀመር ይቻላል።

አካሄዱን በተመለከተ፣ በአቅራቢያዎ ያሉትን የካፑቺን አባቶች፣ የቅዱስ ፍራንቸስኮስን መነኮሳት፣ ይጠይቁ። አስቀድሞ የመተዋወቂያ ጊዜ አለ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ምሥረታ ቢያንስ አንድ ዓመት ነው፤ በመጨረሻ የሚገቡት ቃል ግን የዕድሜ ልክ ስለሆነ ረዘም ቢል አይጨነቁ። የምንኩስና መሐላ የለም፣ የመነኮሳት ቀሚስም አንለብስም፤ ብዙዎቻችን በአንገታችን የታው ምልክት፣ በT ፊደል ቅርጽ የተሠራ መስቀል፣ እናንጠለጥላለን። ንብረትዎን እንዲበትኑ አይጠየቁም፣ ፍላጎትዎን እንዲያቀልሉ ግን ይጠየቃሉ፤ እርሱም በየሠርጉና በየበዓሉ እንደ አዲስ የሚመጣ ትግል ነው።

በስብሰባው ሰዓት ልጆቹን ማን ይጠብቅልኛል የሚል ሐሳብ ካለብዎ፣ በእኛ ዘንድ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ታናሿ ልጄም በወር በወሩ እዚያው አግዳሚ ላይ በነጠላ ተሸፍና እየተኛች ነው ያደገችው።