ጡረታዬ እቁብ ነው ወይስ እድር?

ጥያቄ፦ 57 ዓመቴ ነው፤ መምህርት ነኝ። በ1987 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። በ2005 ለቅቄ 5 ዓመት በግል ትምህርት ቤት አስተማርኩ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ተመልሼ በመንግሥት ትምህርት ቤት ነኝ። ባለፈው 2017 ድምር አገልግሎቴ 30 ዓመት ሞላ። አሁን ደክሞኛል፤ መውጣት እፈልጋለሁ። የባለቤቴ ወንድም ግን “ስንት ዓመት የተቆረጠብሽን ጠቅልለሽ ተቀበይና ሱቅ ክፈቺበት። በየወሩ የሚሰጡሽ ለሳምንት አስቤዛ አይበቃም። ስትሞቺም መንግሥት ነው የሚወርስሽ” ይለኛል። የግሉ 5 ዓመት ይያዝልኛል? ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ማውጣትስ ይቻላል? ብሞት ለቤተሰቤ ምን ይቀራል? ባለቤቴ የግል ሥራ ነው የሚሠራው፤ ጡረታ የለውም። ሁለቱ ልጆቼ ሥራ ይዘዋል፤ ትንሿ 15 ዓመቷ ነው።

መልስ፦ መምህርት፣ ከቀላሉ ልጀምር። አዎ፣ የግሉ 5 ዓመት ይያዝልዎታል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በግል ድርጅት የተሰጠ አገልግሎት ይደመራል። አሁን የሚሠራበት የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014ም በዚሁ ቀጥሏል። በ2005 ሲለቁ ግን መዋጮዎ ተመልሶልዎት ወይም ዳረጎት (በአበል ፋንታ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ) ተቀብለው ከሆነ ይንገሩኝ። መልሱን ሊለውጠው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በሕጉ አይደለም፤ በወረቀቱ ነው። የግል ትምህርት ቤቱ ከደመወዝዎ የቆረጠውን ገቢ አድርጎ ነበር? የጡረታ መለያ ቁጥር ወጥቶልዎት ነበር? ይህን ዛሬ ነገ ሳይሉ ያጣሩ። አንድ ደንበኛዬ ማስረጃ ፍለጋ የጀመረው የሠራበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ነው። ያዳነው በቤቱ ያስቀመጠው የድሮ ፔሮል ኮፒ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። የባለቤትዎ ወንድም የሚለውን በየታክሲውም በየሠርጉም እሰማዋለሁ። ሰውየው ጡረታን እንደ እቁብ ነው የሚያየው። የጣልኩት የኔ ነው፣ ዕጣዬ ሲደርስ ጠቅልዬ ልውሰድ ነው ነገሩ። ሕጉ ግን ጡረታን የሠራው እንደ እድር አድርጎ ነው። እድር 30 ዓመት ከፍሎ “መዋጮዬን መልሱልኝ” የሚል ሰው የለም። የከፈለው ክፉ ቀን ሲመጣ እንዲቆሙለት ነው። የጡረታ ክፉ ቀን ደግሞ እርጅና ነው፣ ጉልበት መክዳት ነው፣ ሞት ነው። ስለዚህ አበል የማግኘት መብት ያለው ሰው መዋጮውን በአንድ ጊዜ ማውጣት አይችልም።

እና ይህ ይጎዳዎታል? እስቲ እናስላው። ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። አማካይዎ 10,000 ብር ነው እንበል። በ30 ዓመት አገልግሎት 55 በመቶ፣ ማለትም 5,500 ብር ያገኛሉ። ከዚህ ደመወዝ በየወሩ የሚቆረጥብዎት 7 በመቶ፣ 700 ብር ነው። የአንድ ወር አበልዎ ከሰባት ወር መዋጮዎ በላይ ነው ማለት ነው። ደግሞም እስከ 2003 ድረስ ይቆረጥ የነበረው 4 በመቶ ብቻ ነበር፤ ያውም ከመቶዎች ብር ደመወዝ ላይ። የ1988ና የ1989 መዋጮዎ በዛሬ ብር ቢመለስልዎት ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይገዛል? ሱቅ አይከፍትም፣ መምህርት።

አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶም አለ። ብዙ ሰው እሱን የመንግሥት ችሮታ አድርጎ ያየዋል። እኔ ይህ አመለካከት ያመኛል። ወደ ቢሮዬ የሚመጡ አዛውንቶች ስለ ጡረታቸው ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ምፅዋት የሚጠይቁ ይመስል። 11 በመቶው የሠሩበት ዋጋ ነው። በእጅ ሳይሰጥዎት ለእርጅናዎ የተቀመጠ ነው። ተከልክለው ቢሆን ተከራክረው የሚያስከፍሉት መብት ነው።

“አስቤዛ አይበቃም” የሚለው ግን እውነት አለው። እሱን አልክድም። አበሉ ገበያው በጨመረ ቁጥር በራሱ አይጨምርም። ማሻሻያ የሚመጣው መንግሥት ሲወስን ነው። በዚህ ላይ ጡረተኞችና የመምህራን ማኅበራት ድምፃቸውን ማሰማት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ሕግ ለሚያወጣው አካል ነው። ሥርዓቱን ጥሎ መውጣት የሽንኩርቱን ዋጋ አያወርደውም።

አሁን መውጣት ይችላሉ ወይ? ይችላሉ። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ቢያንስ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ግን 5 ዓመት ሲቀረው ጀምሮ በራሱ ጥያቄ መውጣትና አበሉን መቀበል ይችላል። እስከ 60 ቢቆዩ 33 ዓመት ይሞላዎታል፤ 58.75 በመቶ ይሆናል። በምሳሌያችን 5,875 ብር ማለት ነው። ልዩነቱ በወር 375 ብር ነው። ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። በቅርቡ ደመወዝዎ ተጨምሮ ከሆነ፣ አማካዩ ገና የድሮውን ዝቅተኛ ደመወዝ ይዞ ነው የሚሰላው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ወር የድሮውን እያስወጣ አዲሱን ያስገባል። ጤናዎ ከፈቀደ አንድ ዓመት መታገሡ ሊጠቅምዎ ይችላል። ካልፈቀደም ይውጡ፤ በሰው ወሬ ራስዎን አይጉዱ። ማመልከቻው ላይ ግን “በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄአለሁ” ብለው አይጻፉ። በጡረታ መገለል እንደሚፈልጉ በግልጽ ይጻፉ።

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ የባለቤትዎ ወንድም ተሳስቷል፤ ትንሽ እውነትም ግን ይዟል። እርስዎ ቢያርፉ ባለቤትዎ የአበልዎን 50 በመቶ ያገኛሉ። ትንሿ ልጅዎ 18 ዓመት እስኪሞላት 20 በመቶ ታገኛለች። በእርስዎ ይጦሩ የነበሩ እናትና አባት ካሉም ድርሻ አላቸው። ሥራ የያዙት ሁለቱ ልጆች ግን ምንም አያገኙም። ይህ የሚያጣላው ቤተሰብ ብዙ ነው። ወንድምና እህት “የእናታችን ገንዘብ ነው፣ እንካፈል” ብለው ፍርድ ቤት ይመጣሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 828 መልሱን ከሰጠ ቆይቷል። በሞት ምክንያት ለትዳር ጓደኛና ለዘመድ የሚከፈል ጡረታ የውርስ ሀብት አይደለም። በኑዛዜም ቢሆን ለሌላ አይተላለፍም። አንድም ተተኪ፣ ማለትም አበሉ የሚተላለፍለት የቤተሰብ አባል፣ ከሌለ አበሉ እዚያው ያበቃል። እውነቱ እዚህ ላይ ነው፤ እድሩም እንዲሁ ነው።

በአበልዎ መጠን ላይ ቅሬታ ካደረብዎት መጀመሪያ ለራሱ ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ያመለክታሉ። ከዚያ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ አለ። የፍሬ ነገር ክርክር እዚያ ስለሚያበቃ፣ ያለዎትን ማስረጃ ሁሉ ለጉባኤው ያቅርቡ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጋብቻዎ ተመዝግቧል? ብዙ የእርስዎ ዕድሜ ሰዎች በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው የምስክር ወረቀት የላቸውም። ባል ሚስቱን ከቀበረ በኋላ ባል መሆኑን በምስክር ለማስረዳት ወራት ሲንከራተት አይቻለሁ። ከባለቤትዎ ጋር ወረዳ ሄዳችሁ የጋብቻ የምስክር ወረቀቱን አውጡ። የጡረታውን ፎርም ከዚያ በኋላ ይሙሉ።